ሰባተኛው ምስማር

«አሰርሽ?» አለ አባቷ፣ ከጭነት መኪናው ጎማ አጠገብ እንደተንበረከከ።

ቡሎን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ያለውን ቀይ ጨርቅ በጣቶቿ ጨበጥ አደረገችው።

«አሰርኩ» አለች።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ጎበዝ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ነጯ መኪና ከግቢው ወጥታ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈች። ከኋላ በቀኝ በኩል የገባችው ትንሿ ጎማ ከሌሎቹ ሦስት ጋር ስትታይ፣ መኪናዋ በአንድ እግሯ የታናሽ እህቷን ጫማ ያደረገች ትመስላለች። ቡሎን ያኔ ብትሮጥ ትደርስባቸው ነበር። እጇን አውለብልባ «ቆዩ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ» ብትል ይቆሙላት ነበር። ግን ተናዳ ስለነበር ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

አባቷ ጎሚስታ ነው። የጎማ መጠገኛ ቤቱ አንድ ሰፊ በር፣ አንድ የሚያጓራ የአየር መሙያ፣ ሁለት ክሪክና ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች አሉት። እሷ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዘዋለች። ቡሎን የሚለውን ቅጽል ያወጣላትም እሱ ነው። ስትወለድ ትንሽም ጠንካራም ስለነበረች «ይቺማ ጎማ የምትይዝ ቡሎን ናት» አለ፤ ያው በዚያው ጠብቆ ቀረ። ትምህርት ቤትም ተከትሏት ገባ። እዚያ ግን እንደ አባቷ በፍቅር የሚጠራት ብዙ ሰው የለም።

ብዙ መኪኖች ፖርታ ባጋሊያቸው ውስጥ የሚይዙት ሙሉ ጎማ አይደለም። ቀጭን፣ ቀለል ያለች፣ እስከ ጥገና ቤት ብቻ የምታደርስ ጊዜያዊ ጎማ ናት። አባቷ «እንግዳዋ» ይላታል። «እንግዳ መጥታ ትሄዳለች እንጂ ቤት አትመራም» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ሥራው ላይ ግን አይቀልድም። እንግዳዋ በገባችበት መኪና መሪ ላይ ሁሉ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ሰው የኋላ ጎማውን እየነዳ አያየውም፤ መሪውን ግን ሁልጊዜ ያየዋል። ስለዚህ ጨርቁ ያስታውሰዋል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረውም፣ ራሱ ነው የፈጠረው፤ የሚኮራበትም ለዚያ ነው።

ጨርቆቹ አሥር ናቸው። ከአንድ እስከ አሥር በጥቁር ቀለም ተቆጥረው፣ በር አጠገብ ባለ ሰሌዳ ላይ በአሥር ምስማር ይንጠለጠላሉ። ደንበኛው ዋናውን ጎማ ሊያስገባ ሲመለስ ጨርቁን ይመልሳል፣ ጨርቁም ምስማሩ ላይ ይሰቀላል። ባዶ ምስማር ካለ አንድ ሰው ከተማ ውስጥ በትንሽ ጎማ እየነዳ ነው። አባቷ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ሰሌዳ ነው።

የማሰሩና የመናገሩ ሥራ የቡሎን ነው። አባቷ እጁ ሲሠራ አፉ አይሠራም። የምትናገረውን ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ በቃሏ ይዛዋለች፦ በሰዓት ከሰማንያ በላይ አይንዱ። ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ አይሂዱባት። ዝናብና መታጠፊያ ላይ ቀስ ይበሉ፣ ፍሬን ቀደም ብለው ይያዙ። ነገ ተመልሰው ይምጡ። ተኝታ ብትጠየቅ ትመልሳለች።

ያን ቅዳሜ ነጯን መኪና ይዛ የመጣችው የሎሚ እናት ነበረች። ሎሚ ማለት ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ከቡሎን ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ልጅ ናት። ከቡሎን ጋር ዳቦ ተካፍላለች፣ የቤት ሥራ ተኮራርጃለች፣ ሌሎች «ጎሚስታዋ» እያሉ ሙድ ሲይዙባት ዱላ ቀረሽ ተጣልታላታለች። ባለፈው ሳምንት ግን ደብተሯን ሰብስባ፣ በቅርቡ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡት ሁለት ልጆች አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ «ጎማ ጎማ ሸተተኝ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ቡሎንም አብራ ሳቀች፤ ሌላ ምን ታድርግ?

የፈነዳው የፊት ቀኝ ጎማ ነበር፤ ጎኑ ተቀዶ የማይጠገን ሆኗል። አዲሱ ሰኞ ይመጣል። አባቷ ትንሿን ጎማ ፊት ላይ ማሰር አይወድም፤ መሪውም ጉልበቱም ያለው ፊት ነው ይላል። የኋላውን ደህና ጎማ ነቅሎ ወደ ፊት አመጣው፣ ትንሿን ከኋላ አስገባት፣ አየሯን ለካ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። በር ላይ የቆመው የጭነት መኪና ሹፌር ግን ክላክሱን እየደጋገመ ሰላም ነሳው።

«መጣሁ አቦ፣ መጣሁ። ቡሎኔ፣ ጨርቁን እሰሪላቸውና ሸኚያቸው።»

ሰባት ቁጥርን ከምስማሩ አወረደችና የሹፌሩን በር ከፈተች። የሎሚ እናት ውጭ ቆማ በስልክ ታወራለች። ሎሚ ጋቢና ተቀምጣለች። ከኋላ ወንበር ላይ በላስቲክ የተሸፈኑ ነጫጭ ቀሚሶች ተደርድረዋል፤ እናቷ ልብስ ሰፊ ናት።

«እንዳትነኪው» አለች ሎሚ።

«ምኑን?»

«መሪውን። እጅሽን አላየሽውም? እማዬ መሪውን በያዘችበት እጇ ነው ልብስ የምትነካው። ደግሞ መኪናው ሁሉ ጎማ ጎማ ሊሸተን ነው።»

ቡሎን እጇን አየች። እውነትም ጠቁሯል። ሎሚ ግን ስልኳን ብቻ ነበር የምታየው። ቡሎን ጨርቁን ጨማድዳ ኪሷ ከተተችው።

«ጨረሳችሁ የኔ ልጅ?» አለች የሎሚ እናት ስልኳን እየዘጋች።

«ጨርሰናል፣ እትዬ።»

«የምታሳስቢኝ ነገር አለ? ጎማዋ አነሰችብኝ።»

እዚህ ላይ አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሎሚ ደግሞ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋችው።

«ችግር የለውም» አለች ቡሎን።

«ተባረኪ» ብላ ጉንጯን ዳበስ አደረገቻትና ገባች። ጉንጯ ላይ የነካት እጅ ለስላሳ ነበር፤ የአመልካች ጣቷ ጫፍ ብቻ በመርፌ ብዛት ደንድኗል።

*

እሑድ ዕለት ዘነበ። ሰኞ የሎሚ ቦታ ባዶ ነበር። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ወሬው ክፍሉን አዳረሰው፤ የሎሚ እናት ቀሚሶቹን ለማድረስ ሩቅ ያለ ከተማ ሄዳ ስትመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገብታለች። ሎሚ ግንባሯ ተጫረ። እናቷ ቀኝ እጇ ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ቡሎን ደብተሯ ላይ ያለውን መስመር ደጋግማ አነበበችው፤ ምን እንደሚል ግን አልገባትም። ቤት ስትገባ ቱታዋ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ኪሱን ከውጭ ነካች። ጨርቁ አለ። የት ይሄዳል?

እናቷ እራት ላይ ወሬውን አነሳችና «መቼም የሰው ነገር» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። አባቷ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ።

«የእኛ ጎማ ነው እንዴ? ያቺ ነጭ መኪና?»

«እሷ ናት» አለች እናቷ።

«ቡሎኔ ነግራቸዋለች። ጨርቁም ታስሯል። ሰው ግን አይሰማም» አለና ራሱን ነቀነቀ። አዝኖ ነበር። አዝኖም ግን እፎይ ያለ ይመስል ነበር፤ ቡሎንን የጎዳት ይህ ነው። እፎይታው በሙሉ የተቀመጠው እሷ ላይ ነው።

የሎሚ እናት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ እጇ ከክንዷ እስከ ጣቶቿ ሥር በጀሶ ታሽጓል። አየር የሚያስሞሉ ሁለት ሹፌሮች ነበሩ። ቡሎንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለአባቷ የጎማ መፍቻ ቁልፍ ልታቀብል ብላ ጎራ ብላለች።

«እንደምን ዋሉ» አለች የሎሚ እናት። «ልጣላዎት አይደለም የመጣሁት። አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው። ያቺ ጎማ ለሩቅ መንገድ አትሆንም ነበር እንዴ?»

አባቷ ደንግጦ ብድግ አለ። «አትሆንም እንጂ። እግዜር ይማርዎት እህቴ፣ አትሆንም። ተነግሮዎት የለ?»

«ማንም አልነገረኝም። ጎማ ጎማ ነው ብዬ ከዘጠና በላይ ስነዳ ነበር። ዝናቡ መጣ፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን ስይዝ ኋላዋ ጥሎኝ ሄደ። ትራፊኩ ነው ኋላ ላይ ‹ይህችን ጎማ አስረው እዚህ ድረስ መጡ?› ያለኝ።»

«ቀዩ ጨርቅስ? መሪው ላይ የታሰረው?»

«የምን ጨርቅ?»

ሹፌሮቹ ጆሯቸውን ቀሰሩ። አባቷ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄዶ በጥቁር ጣቱ ነካው።

«ይመልከቱ። ስድስት አለ፣ ስምንት አለ። ሰባት ባዶ ነው። ከእርስዎ ጋር ካልሄደ የት ሄደ? በላሁት?»

«አላየሁም ነው የምልዎት።»

«ቡሎኔ፣ ነይ እስቲ። አሰርሽ አላሰርሽም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አሁን ብላ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አሰርኩ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

«ሰሙ? ልጄ አትዋሽም። በዚህ ጨርቅ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። እርስዎ ራስዎ ባጠፉት እኔን አይጎትቱኝ። በዚህ ዕድሜ ውሸት አያምርም።»

የሎሚ እናት አልጮኸችም። ቡሎንን ብቻ ረጋ ብላ አየቻት። አስተያየቷ ቁጣ አልነበረበትም፤ የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ፊቷን ፈተሸችው። ከዚያ ቦርሳዋን በግራ እጇ ትከሻዋ ላይ ልታወጣ ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ ሁለተኛ ሞክራ አወጣችውና ሄደች። በማግሥቱ ከሰሰች። ውሸታም ባትባል ኖሮ አትከስም ነበር፤ ይህ ቡሎንንም አልጠፋትም።

*

ሎሚ ሐሙስ ትምህርት ቤት መጣች፣ ግንባሯ ላይ ፕላስተር ለጥፋ። አዲሶቹ ልጆች ከበው ጠየቋት፣ አዘኑላት፣ ከዚያ ሰለቻቸው። በዕረፍት ሰዓት ቡሎንን ከቧንቧው አጠገብ አገኘቻት።

«አባትሽ እናቴን ውሸታም አላት።»

«ሰማሁ።»

«ሰማሁ? አጠገቡ ቆመሽ አልነበር እንዴ?»

ቡሎን እጇን በሳሙና እያሸች ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እጇን በቀን አሥር ጊዜ ትታጠባለች።

«አላሰርሽውም» አለች ሎሚ ድምፅዋን ቀንሳ። «ስልኬን እያየሁ ኪስሽ ስትከቺው በጎን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? ‹እጅሽ ቆሻሻ ነው፣ አትንኪ ስላልኳት ነው› ልበላት?» ሎሚ ቧንቧውን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «ሐኪሙ ጣቶችሽ እንደ ድሮው መታጠፋቸውን እንጃ ብሏታል። ትናንት በግራ እጇ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ስትታገል አየኋት። እኔ ላስገባልሽ ስላት ‹ተይኝ› አለችኝ። እናቴ እኮ ተይኝ ብላኝ አታውቅም።»

«እኔስ አባቴን ምን ልበለው?»

«እኔ እንጃ። አቦ እኔ እንጃ።»

ቧንቧው ይንጠባጠባል። ትናንሾቹ ልጆች ኳስ እያባረሩ በመካከላቸው አለፉ።

«ሁለታችንም ዝም ካልን…» አለች ሎሚ።

«ዝም ካልን ምን?»

«ምንም። ትልልቆቹ ይካሰሳሉ፣ ይታረቃሉ፣ ያልፋል። አታካብጂው።»

ነገሩን የምታካብደው እሷ ብትሆን ቡሎን ደስ ባላት። «ያንን ነገር ለምን አልሽኝ?» ብላ መጠየቅ ፈለገች። ሳምንቱን ሙሉ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ እሱ ብቻ ይመስላት ነበር፤ አሁን አነሰባት። አንድ ሰው ክር ማስገባት ሲያቅተው «ጎማ ጎማ ሸተትሽኝ» ብሎ መቀየም ምን ያህል ነው? ቢሆንም ቅያሜው አልለቀቃትም። ሎሚን ስታይ አሁንም ያንገበግባታል። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደምትሸከም አላወቀችም።

ደወሉ ተደወለ። ሎሚ ወደ አዲሶቹ ልጆች ሄደች።

አርብ ማታ አባቷ ወረቀት ይዞ ገባ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የትራፊክ ፖሊሱ ከሳሿን ይዞ ሱቁ ድረስ መጥቶ ቃል ይቀበላል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ መሸኘቱ ከተረጋገጠ የሥራ ፈቃዱ ሊወሰድ ይችላል።

«አይወሰድም» አለ አባቷ። «ሰሌዳው አለ። ልጄ አለች።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ተጠርጎ፣ ውሃ ተረጭቶ ጠበቃት። አባቷ በሥራ ቀን ለብሶት የማያውቀውን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ቁልፎቹን በመጠናቸው ደርድሮ፣ የደረደረውን መልሶ ያስተካክላል። እንደዚህ ሲሆን ሲፈተን የሚፈራ ተማሪ ይመስላታል።

«አባዬ።»

«ወይ።»

ጨርቁን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

ፊቱ በራ። በእውነት በራ። «መለሱት? የት አገኙት? እኔ እኮ ብያለሁ፣ ከወንበሩ ሥር ወድቆ ይሆናል ብያለሁ—»

«አልሄደም ነበር» አለች። «ከእኔ ጋር ነበር። አላሰርኩም። አልነገርኳቸውምም።»

እንዴት እንደሆነ ነገረችው። ስለ ሎሚ፣ ስለ መሪው፣ ስለ እጇ። ሳታሳምር፣ ሳታለቅስ ተናገረች፤ ማልቀሱ በኋላ ይደርሳል ብላ። አባቷ ጨርቁን አነሳ። ገልብጦ ቁጥሩን አየ፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

እንዲጮህባት ጠበቀች። አንድ ሳምንት ሙሉ የፈራችው ያንን ነበር።

«ለማን ነገርሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ለማንም። ሎሚ ግን ታውቃለች።»

«ትናገራለች?»

«አይመስለኝም።»

አባቷ ጨርቁን አራት ቦታ አጠፈው። ሰሌዳውን አየ፣ በሩን አየ፣ ራሱ በእጁ የቀባውን «የጎማ ጥገና» የሚል ጽሑፍ አየ።

«ፈቃዱን ከወሰዱት አለቀ» አለ። «እኔ ሌላ ሙያ የለኝም። እናትሽ ብቻዋን ቤት ልትይዝ ነው።»

«አባዬ፣ እትዬን እኮ በሰው ፊት ውሸታም—»

«ያልኩትን አውቃለሁ።» ድምፁ ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። ጨርቁን ዘረጋላት፣ ዓይኗን ሳያይ። «ኪስሽ ውስጥ ይቆይ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ገብቷትም ትንሽ ቆየች፤ ምናልባት «ስቀልድ ነው» ይላል ብላ። አባቷ ግን ቁልፎቹን ሊያስተካክል ተመልሷል። ሁለት ቡሎን ማጥበቁን ቢጠራጠር ደንበኛ ከመንገድ አስጠርቶ የሚያስመልስ ሰው ነው። ቁጣው ቢመጣ ኖሮ በስንት ጣዕሙ። አንድ ውሸት ብቻዋን ይዛ ነበር የመጣችው፤ አሁን ግማሹን እሱ ተቀብሎ፣ ከብዶ መለሰላት። በዚህች ሰዓት አዘነችበት። ሎሚ ላይ ካዘነችው ይበልጣል፣ ራሷ ላይ ካዘነችው ያንሳል።

ጨርቁን ተቀበለችው።

ረፋድ ላይ መጡ። ፖሊሱ ቀጠን ያለ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሲገባ ጫማውን ጠረገ። የሎሚ እናት ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። ሎሚ ከኋላዋ ቆማ የእናቷን ቦርሳ ይዛለች።

ፖሊሱ ከአባቷ ጀመረ። ጎማዋ የት እንደገባች፣ አየሯ ስንት እንደነበረ፣ ቡሎኖቹ እንዴት እንደጠበቁ ጠየቀ። አባቷ ሁሉንም በትክክል መለሰ፤ ያ በሙሉ እውነት ነበር። ፖሊሱ ሲጽፍ እየጠበቀ ከሸሚዙ እጅጌ ላይ የሌለ አቧራ ያራግፋል።

«ማስጠንቀቂያስ?»

«ቀይ ጨርቅ መሪ ላይ እናስራለን። ቁጥር አለው። ከዚህ ሰሌዳ ይወጣል፣ እዚህ ይመለሳል።»

«የእኚህ ሴትዮ ስንት ቁጥር ነበር?»

«ሰባት» አለ አባቷ። እጁን ዘርግቶ ወደ ባዶው ምስማር ጠቆመ። «ይኸው። አልተመለሰም።»

ፖሊሱ ምስማሩን አየ። የሎሚ እናትም አየች። እዚያ ምስማር ላይ ምንም አልነበረም፤ እሷ ግን እንደ ተፈረደባት ሰው አንገቷን ደፋች። ጀሶውን በግራ እጇ ደግፋ ያዘችው። በተሰበረው እጇ ላይ፣ ያ የደነደነው ጣት ከጀሶው ጫፍ ወጥቶ ይታያል።

ቡሎን ከጠረጴዛው አጠገብ ተነሳች። ሰሌዳው ከእሷ አምስት እርምጃ አይርቅም። በአባቷና በፖሊሱ መሐል አልፋ፣ ጨርቁን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው፤ አራት ቦታ የታጠፈበት መስመር ይታያል። ሰባተኛው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ቁጥሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ ስለነበር በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ ፊት መለሰችው።

አባቷ የጠቆመበትን እጅ ቀስ ብሎ አወረደ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ ፖሊሱ።

«ከኪሴ» አለች። መልሱን የሰጠችው ለሎሚ እናት ነው። «ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላሰርኩትም፣ እትዬ። አልነገርኩዎትምም። እርስዎ አልዋሹም።»

የሎሚ እናት ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ አልሰደበቻትም። ዓይኗ ብቻ ከጨርቁ ተነስቶ ወደ ቡሎን እጅ ወረደና እዚያ ቆየ። ሎሚ የእናቷን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ «እማዬ…» ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ቀጠለች፤ ድምፅዋ በጣም ትንሽ ስለነበር ከእናቷ በቀር የሰማት አልነበረም።

ፖሊሱ ወረቀቱን ገልብጦ አዲስ መስመር ጀመረ። ጥቂት ጻፈና ብዕሩን አቆመ።

«አባትሽ ይህን ያውቅ ነበር?»

ከሳምንት በፊት ቢሆን «አያውቅም» ሳታስበው ከአፏ ትወጣ ነበር። አንድ ቃል ናት። አንድ ቃል እንዴት እንደምትቀል፣ በኋላ እንዴት እንደምትከብድ ግን አሁን ታውቃለች። «ያውቃል» የሚለውም አንድ ቃል ነው። እሱንም አልፈለገችውም፤ ይህኛው ጥያቄ የእሷ አልነበረም።

ወደ አባቷ ዞረችና ጠበቀችው።